ሲ ሶልት ኤንድ ፔፐር፦ 7 ነጥብ ላይ «በቃ» ወይስ «የመጨረሻ ዕድል»?

7 ነጥብ መሙላት ለማንም አይከብድም። አንድ ጥንድ ሸርጣንና ሦስት ኦክቶፐስ የያዘ ሰው ሞልቶታል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ ዙሩን እዚሁ ዘግቼ ያለኝን ልውሰድ? ወይስ ሌሎቹ አንድ አንድ ተራ ይጨመርላቸውና «ከእኔ የሚበልጥ የለም» ብዬ ልወራረድ? ሲ ሶልት ኤንድ ፔፐር የተባለው ትንሽ የካርድ ጨዋታ የተሠራው በዚህች አንዲት ጥያቄ ዙሪያ ነው። ደጋግሞ የሚያስጫውተውም እሷው ናት።

ጨዋታው በ2022 በፈረንሳዩ አሳታሚ በቦምቢክስ ወጣ። የፈጠሩት ብሩኖ ካታላ እና ቴዎ ሪቪዬር ናቸው። ካታላ በ2017 የጀርመኑን የዓመቱ ጨዋታ ሽልማት ያገኘውን ኪንግዶሚኖን የሠራ ሰው ነው። ከ2 እስከ 4 ሰው ይጫወተዋል፤ 8 ዓመት የሞላው ልጅ ይችለዋል፤ ከመጀመሪያው ዙር እስከ አሸናፊው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ሳጥኑ ትንሽ ስለሆነ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በውስጡ ያለው ካርድ ብቻ ነው፦ 58 የመጫወቻ ካርዶችና ነጥብ አቆጣጠሩን የሚያስታውሱ ጥቂት የመርጃ ካርዶች። ነጥብ መመዝገቢያ ወረቀትና እስክሪብቶ ከራሳችሁ ነው።

ስሙ የቃላት ጨዋታ አለበት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጨውንና ቁንዶ በርበሬን አንድ ላይ ይጠራሉ፤ እዚህ ጨው የባሕር ጨው ሆነ፣ ቁንዶ በርበሬውም (pepper) በእንግሊዝኛ በድምፅ በሚቀርበው «ወረቀት» (paper) ተተካ። ወረቀቱ የገባው በሥዕሎቹ ምክንያት ነው። በካርዶቹ ላይ የምናያቸው ሸርጣኖች፣ ጀልባዎች፣ ፔንግዊኖችና ዛጎሎች በእጅ ታጥፈው የተሠሩ የኦሪጋሚ ቅርጾች ፎቶ ናቸው፤ የሉሲዬን ዴሬን እና የፒየር-ኢቭ ጋላር ሥራ። እጥፋቱና የወረቀቱ ጥላ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ገና ሲዘረጉት ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ሳይቀር አንስቶ ያየዋል። በዚህ ዋጋ ከሚሸጡ ትናንሽ ጨዋታዎች መካከል እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራ ብዙ አይገኝም።

አጀማመሩ አጭር ነው። ካርዱ በደንብ ይበወዝና ተደፍቶ መሐል ይቀመጣል። ከላዩ ሁለት ካርዶች ተገልብጠው ከጎኑ ይደረጋሉ፤ እነዚህ የሁለት የመጣያ ክምሮች መነሻ ናቸው። የሚታደል ካርድ የለም፤ ሁሉም ባዶ እጁን ይጀምራል።

ተራ የደረሰው ሰው ከሁለት አንዱን የግድ ያደርጋል። ወይ ከተደፋው ክምር 2 ካርድ ስቦ አንዱን ይይዛል፣ ሌላውን ከሁለቱ መጣያዎች ባንዱ ላይ ገልብጦ ይጥላል፤ ወይም ከመጣያዎቹ ባንዱ ላይ ያለውን የላይኛውን ካርድ ያነሳል። ኮንከር የለመደ እጅ ይህን ክፍል ወዲያው ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ፣ ከፈለገ፣ በእጁ ያሉ ጥንዶችን ጠረጴዛ ላይ አውርዶ ኃይላቸውን ይጠቀማል። በመጨረሻም 7 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ካለው ዙሩን መዝጋት ይችላል። ይችላል እንጂ ግዴታ የለበትም።

ጥንዶቹ የጨዋታው ሞተር ናቸው። ሸርጣን 9፣ ጀልባ 8፣ ዓሣ 7፣ ዋናተኛ 5፣ ሻርክ 5 ካርድ አላቸው። ከ58ቱ 34ቱ እነዚህ ናቸው ማለት ነው። እያንዳንዱ ጥንድ 1 ነጥብ ያወጣል፣ ሲወርድ ደግሞ አንድ ነገር ያደርጋል። ሁለት ሸርጣን ያወረደ ሰው አንዱን የመጣያ ክምር አንስቶ ቅደም ተከተሉን ሳይነካ ያገላብጥና የፈለገውን አንድ ካርድ ለራሱ ይወስዳል፤ የወሰደውን ለማንም ማሳየት የለበትም። ሁለት ጀልባ ሌላ ሙሉ ተራ ይሰጣል። ሁለት ዓሣ ከተደፋው ክምር የላይኛውን አንድ ካርድ ይጨምራል። ዋናተኛና ሻርክ ተጣምረው ሲወርዱ ከአንድ ተቃዋሚ እጅ ሳያዩ አንድ ካርድ ያስወስዳሉ። ልብ በሉ፦ ሁለት ዋናተኛ ጥንድ አይደለም፤ ሁለት ሻርክም እንደዚያው።

ስብስብ ካርዶቹ ግን በብዛታቸው ልክ እየከበዱ ይሄዳሉ። ዛጎል 6 ነው፦ የመጀመሪያው ምንም አያወጣም፣ ከዚያ እያንዳንዱ 2 ይጨምራል፤ ስለዚህ 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10። ኦክቶፐስ 5 ነው፦ 0፣ 3፣ 6፣ 9፣ 12። ፔንግዊን 3 ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ራሱ 1 ያወጣል፣ ሁለቱ 3፣ ሦስቱ 5። መርከበኛ 2 ብቻ ነው፤ አንዱ ባዶ ነው፣ ሁለቱ ሲገናኙ 5 ነጥብ።

አባዢ ካርዶቹ አራት ናቸው፣ እያንዳንዱ አንድ ፍሬ ብቻ አለው። የመብራት ማማው ለያንዳንዱ ጀልባ 1 ነጥብ፣ የዓሣ መንጋው ለያንዳንዱ ዓሣ 1፣ የፔንግዊን መንጋው ለያንዳንዱ ፔንግዊን 2፣ ካፒቴኑ ለያንዳንዱ መርከበኛ 3 ይሰጣሉ። በቁጥር ሲታይ ሁለት መርከበኛና ካፒቴን በሦስት ካርድ 11 ነጥብ ናቸው። ሦስት ፔንግዊንና መንጋቸውም 11 ናቸው፣ ግን በአራት ካርድ። አራት ጀልባ ከማማው ጋር 6 ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ሆኖም ጀልባዎቹ ሲወርዱ ሁለት ተጨማሪ ተራ ስለሰጡ በተግባር ከዚያ በላይ ያወጣሉ። ጠረጴዛ ላይ የወረደ ጀልባና ዓሣም በማማውና በመንጋው ይቆጠራል። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

የቀሩት አራት ካርዶች ሜርሜዶች ናቸው፣ ከወገባቸው በታች ዓሣ የሆኑት የባሕር ሴቶች። አንዲት ሜርሜድ የያዘ ሰው ካርዶቹን በቀለም ለይቶ፣ ከሁሉ በበዛው ቀለም ልክ ለያንዳንዱ ካርድ 1 ነጥብ ያገኛል። ሁለተኛዋ ሜርሜድ ያንኑ ቀለም ደግማ መቁጠር አትችልም፤ በብዛት ሁለተኛ የሆነውን ትቆጥራለች። 3 ውኃ ሰማያዊና 2 ቢጫ ካርድ ከሁለት ሜርሜድ ጋር 5 ነጥብ ይሆናል። አራቱንም ሜርሜዶች የሰበሰበ ሰው ግን ነጥብ መቁጠር ሳያስፈልገው ጨዋታውን በሙሉ ወዲያው ያሸንፋል፣ በነጥብ ምንም ያህል ወደኋላ ቢቀርም። አይዘወተርም። ቢሆንም በስፋት እየተመሩ ላሉ ሰዎች እስከ መጨረሻው የሚጠብቁት ነገር ይሰጣቸዋል፤ ሦስተኛዋን ይዟል ተብሎ የሚጠረጠር ተጫዋች ሲኖርም ሜርሜድን መጣያ ላይ መጣል የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 7 የሞላው ሰው ዙሩን በሁለት መንገድ ይዘጋል። «በቃ» ካለ ሁሉም እጁን ይገልጣል፣ ሁሉም የካርዶቹን ነጥብ ይመዘግባል፣ ዙሩ አለቀ። «የመጨረሻ ዕድል» ካለ ደግሞ የራሱን እጅ ይገልጣል፤ ከዚያ ወዲህ ካርዶቹ አይሰረቁም፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ተራ ብቻ ይጫወታሉ፤ ከዚያም ነጥብ ይነጻጸራል። የተወራረደው ሰው ነጥብ ከእያንዳንዱ ተቃዋሚ ነጥብ የሚበልጥ ወይም እኩል ከሆነ ውርርዱን አሸነፈ፦ የካርዶቹን ነጥብ ይወስዳል፣ በላዩ ላይ የቀለም ጉርሻ ያገኛል፣ ማለትም በብዛት በያዘው ቀለም ለያንዳንዱ ካርድ 1 ነጥብ። ተቃዋሚዎቹ የቀለም ጉርሻቸውን ብቻ ይዘው ይወጣሉ። አንድ ሰው እንኳ ከበለጠው ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ የተወራረደው ሰው የቀለም ጉርሻውን ብቻ ያገኛል፣ ሌሎቹ በሙሉ የካርዶቻቸውን ነጥብ ይመዘግባሉ።

ይህን በቁጥር እንየው፤ ብዙ ሰው በስሜት ይወስነዋልና። እጃችሁ ሁለት ሸርጣን፣ ሁለት ዓሣና ሦስት ኦክቶፐስ ነው እንበል፤ 1 ሲደመር 1 ሲደመር 6፣ 8 ነጥብ። የቀለም ጉርሻችሁ 3 ነው። ተቃዋሚያችሁ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ 5 ነጥብ ያለው ይመስላችኋል፣ የቀለም ጉርሻው 2። «በቃ» ብትሉ 8 ለ5፣ በ3 ትበልጣላችሁ። ተወራርዳችሁ ብታሸንፉ 11 ለ2፣ በ9 ትበልጣላችሁ። ብትሸነፉ፣ ማለትም እሱ 9 ቢደርስ፣ 3 ለ9፣ በ6 ታንሳላችሁ። ሒሳቡ ሲሠራ ውርርዱ ከ«በቃ» የሚሻለው የማሸነፍ ዕድላችሁ ከ60 በመቶ ሲበልጥ ነው፤ ከአምስት ጊዜ ሦስቴ። የቀለም ጉርሻችሁ በ3 ፈንታ 5 ቢሆን ግን ድንበሩ ወደ 47 በመቶ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ብትሸነፉም 5 ነጥብ በኪሳችሁ ነው። አንድ ቀለም ማብዛት ለውርርድ መድን መግባት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ለሜርሜድ ብቻ የሚጠቅም ከመሰላችሁ የጨዋታውን ግማሽ ትታችኋል።

ታዲያ 5 ነጥብ ያለው ሰው በአንድ ተራ 9 ሊደርስ ይችላል ወይ? እኩል መሆን አይበቃውም፤ 8 ላይ ከቆመ ውርርዱ የእናንተ ነው። ስለዚህ 4 ነጥብ መጨመር አለበት። በአንድ ተራ አንድ ካርድ ብቻ ቢያገኝ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንለትም። የሚያስፈሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የጀልባ ጥንድ ነው፦ አንድ ጀልባ ደብቆ የቆየ ሰው ሁለተኛውን ካገኘ 1 ነጥብ ጨምሮ ሌላ ተራ ይወስዳል፣ በዚያ ተራ ሁለተኛ ኦክቶፐሱን ካነሳ 3 ጨመረ፣ 9 ደረሰ። ሁለተኛው መርከበኛ ነው፤ አንዱን የያዘ ሰው ሌላውን ሲያገኝ በአንድ ካርድ 5 ነጥብ ይዘላል። ስለዚህ ከመወራረድ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ። ተቃዋሚው በእጁ ስንት ካርድ አለው? በመጣያዎቹ ላይ ያሉት የላይኞቹ ሁለት ካርዶችስ ምንድን ናቸው? እጁ ላይ 2 ካርድ ብቻ ከያዘ ሰው ጋር መወራረድና 7 ካርድ ከደበቀ ሰው ጋር መወራረድ አንድ አይደሉም። ጥንዶቹን ሁሉ ያወረደ ሰው ደግሞ የሚያስደነግጠው ነገር በአብዛኛው ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ አልቋል።

የተጫዋቾች ቁጥር ይህን ሒሳብ ከሥሩ ይለውጠዋል። እያንዳንዱ ተቃዋሚ እናንተን የመብለጥ ዕድሉ 20 በመቶ ነው ብንል፣ አንድ ተቃዋሚ ካለ ከአምስት ጊዜ አራቱን ታሸንፋላችሁ። ሦስት ተቃዋሚዎች ካሉ ግን ሦስቱም መቅረት አለባቸው፤ 0.8 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 51 በመቶ ገደማ ነው። በአራት ሰው ጨዋታ «የመጨረሻ ዕድል» የሚል ሰው በግልጽ የሚመራ መሆን አለበት፣ ወይም ወደኋላ ቀርቶ ሌላ አማራጭ ያጣ። በሁለት ሰው ጨዋታ ደግሞ «በቃ» ብቻ የሚል ሰው ቀስ በቀስ ይበለጣል። የማሸነፊያው ጠቅላላ ነጥብም ይለያያል፦ ለ2 ሰው 40፣ ለ3 ሰው 35፣ ለ4 ሰው 30። 28 ላይ ያለ ሰው 30 ለመድረስ «በቃ» ቢል ይበቃዋል፤ መወራረድ የማያስፈልገው ያኔ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ልምድ ሆኖበት ይወራረዳል።

ካርድ አነሳሱ ላይም ልዩነት አለ። ከመጣያ የምታነሱትን ሁሉም ያየዋል፤ ሁለተኛ ኦክቶፐስ ካነሳችሁ ሦስተኛውን ማንም አይጥልላችሁም። ከተደፋው ስባችሁ የያዛችሁትን ግን የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ ስትስቡ የምትጥሉት ካርድ መሣሪያ ነው፤ ተቃዋሚው የሚፈልገው ካርድ በአንዱ መጣያ ላይ ተቀምጦ ካያችሁ በላዩ ላይ ጥላችሁ ትሸፍኑታላችሁ። የተሸፈነው ካርድ የሚመለሰው የላዮቹ ሲነሱ ወይም በሸርጣን ጥንድ ነው። ስለዚህ ሸርጣን የያዘ ሰው ጥንዱን እንዳገኘ ማውረድ የለበትም። ጠቃሚ ነገር እስኪቀበር ይጠብቅ፣ የትኛው ክምር ውስጥ እንደተቀበረም ያስታውስ። ጀልባም እንዲሁ፦ በዙሩ መጀመሪያ ከሚሰጠው ትርፍ ተራ ይልቅ አንድ ሰው «የመጨረሻ ዕድል» ካለ በኋላ የሚሰጠው ይበልጥ ዋጋ አለው። ዓሣን ግን ማቆየት ብዙ ጥቅም የለውም። ካርዱን ቶሎ ውሰዱ።

ማቆየት የሚያስከፍለው በሻርኩ ነው። ስርቆት የሚደርሰው እጅ ላይ ላለው ካርድ ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የወረደ ጥንድ አይነካም። ከጥንዱ አንዱ ከእጅ ከተሰረቀ ነጥቡም ኃይሉም ሄደ። ሦስት ካርድ ብቻ በእጁ ያለና ከነሱ ሁለቱ መርከበኞች የሆኑበት ሰው ዋናተኛና ሻርክ ሲወርድበት ከሦስት ሁለት ዕድል 5 ነጥቡን ያጣል። እዚህ ላይ ተራ ዓሣና ሸርጣን በእጅ ማቆየት ሌላ ጥቅም ያገኛል፣ ሌባው እነሱን እንዲያወጣ ለማታለል። እጃችሁን ካወረዳችሁ ነጥባችሁ ይታያል ግን ይጠበቃል፤ ከደበቃችሁ አይታይም ግን ይሰረቃል። ከውርርዱ ቀጥሎ የጨዋታው ሁለተኛ ጣፋጭ ውሳኔ ይህ ነው።

አዲስ ተጫዋቾች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። የቀለም ጉርሻን 7 ለመሙላት ይቆጥሩታል፤ አይቆጠርም፣ የሚመጣው ከውርርድ በኋላ ብቻ ነው። የሜርሜድ ነጥብ ግን ይቆጠራል። ያልወረደ ጥንድ ነጥብ የለውም ብለው ያስባሉ፤ በእጅ ያለም ጥንድ 1 ያወጣል፣ የሚቀርበት ኃይሉ ነው። ከመጣያዎቹ አንዱ ካርዱ ሁሉ ተነስቶ ባዶ ሲሆን፣ የሚጣለው ካርድ የግድ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ መውደቅ አለበት፤ ይህን ሳያውቁ በፈለጉት ላይ ሲጥሉ የመሸፈን ስልቱ ሁሉ ይበላሻል። ውርርድ ሲከሽፍ ደግሞ ከተወራረደው ሰው ያነሰ ነጥብ ያለው ተቃዋሚም የካርዶቹን ነጥብ ይወስዳል፤ «እሱ አልበለጠኝም» ብሎ መከራከር የለም። የመጨረሻው ስህተት የሚጎዳው ሁሉንም ነው፦ ማንም ዙሩን ሳይዘጋ የተደፋው ክምር ካለቀ ዙሩ ያለ ነጥብ ይቀራል። ከመነሻው 2 ካርድ ሲወጣ 56 ይቀራል፤ ሁሉም ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ቢስብ 28 ተራ ነው። በአራት ሰው ሲካፈል ለያንዳንዱ 7 ተራ ብቻ። አራት ሆናችሁ ስትጫወቱ የክምሩን ውፍረት እያያችሁ ይሁን፤ 11 ነጥብ ይዞ አንድ ፔንግዊን ሲጠብቅ ዙሩ ባዶ የሚቀርበት ሰው አይጠፋም።

ጉድለቶቹን ሳንናገር አናልፍም። የመጀመሪያው ቀለም ነው። ቀለሞቹ አሥራ አንድ ናቸው፣ ብዛታቸውም እኩል አይደለም፦ ጥቁር ሰማያዊ 9፣ ውኃ ሰማያዊ 9፣ ጥቁር 8፣ ቢጫ 8፣ አረንጓዴ 6፣ ሐምራዊ፣ ነጭና ግራጫ አራት አራት፣ ፈዛዛ ብርቱካናማ 3፣ ሮዝ 2፣ ደማቁ ብርቱካናማ አንድ ብቻ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቀለም ማብዛት ሲፈልግ ወደ ሁለቱ ሰማያዊዎች፣ ወደ ጥቁሩና ወደ ቢጫው ይሄዳል፤ የሮዝ ካርድን ለቀለሙ ብሎ አያነሳም። ችግሩ ማየቱ ላይ ነው። በማታ፣ በደብዛዛ አምፖል ሥር፣ ጥቁሩና ጥቁር ሰማያዊው ይምታታሉ፤ ሮዙና ፈዛዛው ብርቱካናማም ይቀራረባሉ። የነጥብ ልዩነቱ 1 ወይም 2 በሆነበት ውርርድ ላይ አንድ ካርድ በተሳሳተ ቀለም መቁጠር ውጤቱን ይገለብጣል። ብርሃን ያለበት ጠረጴዛ ምረጡ፤ ቆጠራውም እጁን በገለጠው ሰው ብቻ ሳይሆን በጎረቤቱም ይደገም።

ሁለተኛው የነጥብ ቆጠራው ራሱ ነው። ጥንድ በአንድ መንገድ፣ ዛጎል በሌላ፣ ኦክቶፐስ በሌላ፣ በዚያ ላይ አባዢና ሜርሜድ። ለለመደ ሰው አሥር ሰከንድ ነው፤ ለጀማሪ ግን የመርጃ ካርዱን እያዩ መደመር ነው። ያውም 7 መሙላቱን በየተራው በልብ ማስላት አለበት፣ በአፍ ከቆጠረ እጁን ያጋልጣልና። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ዙር እጅ ገልጦ፣ በ«በቃ» ብቻ እየተዘጋ፣ ነጥብ ሳይመዘገብ መጫወት ይህን ይፈታዋል። ውርርዱን ከሦስተኛው ዙር አስገቡት። ሁሉን ሕግ በአንድ ትንፋሽ ያስረዱት ሰው በውርርዱ ግራ ስለሚጋባ በፍርሃት «በቃ» እያለ ጨዋታውን ሳያየው ይጨርሳል።

ሦስተኛው ሻርኩ ነው። ሳያዩ መስረቅ ስለሆነ ምርጥ ካርድ የሚወጣው በዕድል ነው፤ ለትንሽ ልጅ ሲደርስበት ያስከፋል። ነገሩ ለአንዳንድ ቤት ትልቅ ችግር ነው። ካርድ መነጠቅ የማይወዱ ሰዎች ካሉ ሚካኤል ሻክት በ2003 ያወጣውን ኮሎሬቶን ማየት ይሻላል። እሱም በእስስት ቀለም ላይ የተሠራ ቀላል የካርድ ጨዋታ ሆኖ፣ «አሁን ልውሰድ ወይስ አንድ ካርድ ልጨምር» በሚል ሥጋት ላይ የቆመ ነው፤ ከእጅ የሚነጥቅ ግን የለም። በውሳኔ ጥልቀት ግን ሲ ሶልት ኤንድ ፔፐር ይበልጥብናል።

ባሕሩ ለጌጥ ብቻ የመጣ አለመሆኑም ደስ ይላል። ሸርጣን አሸዋ ቆፍሮ የተቀበረ እንደሚያወጣ ከመጣያው ይቆፍራል፤ ጀልባ ወደፊት ያራምዳል፤ ዋናተኛና ሻርክ ሲገናኙ የሚሆነው ይታወቃል። ይህ ቁርኝት ሕጉን ለማስታወስ ያግዛል። ለመጫወት የግድ መነበብ ያለበት ጽሑፍ ካርዱ ላይ ስለሌለም፣ አንዱ አማርኛ ብቻ ሌላው ያደገበትን አገር ቋንቋ ብቻ በሚያነብበት ቤት፣ አያትና የልጅ ልጅ እኩል ሊጫወቱት ይችላሉ፤ ሕጉን አንድ ሰው በቃል ካስረዳ በቂ ነው።

ለስንት ሰው ይግዙት ለሚል፦ ለሁለትና ለሦስት። በሁለት ሰው ጨዋታ የተነሳውንና የተጣለውን ሁሉ መከታተል ስለሚቻል ውርርዱ እውነተኛ ስሌት ይሆናል። ሦስት ሰው ሲሆን ዕድልና ስሌት ጥሩ ይመጣጠናሉ። አራት ሲሆን ተራ እስኪደርስ መጣያዎቹ ሦስት ጊዜ ይለዋወጣሉ፣ ዕቅድ ማውጣት አይቻልም፣ ዙሩም ብዙ ጊዜ ቀድሞ 7 የሞላው በሚለው «በቃ» ይዘጋል። ያስቃል፣ ያጫውታል፣ የጨዋታው ልብ የሆነው ውርርድ ግን ይሳሳል።

ኤክስትራ ሶልት የተባለው ማሟያ 8 ካርድ ይጨምራል። የባሕር ኮከብ በጥንድ ላይ ተጨምሮ ሦስቱን አንድ ላይ 3 ነጥብ ያደርጋቸዋል፣ የጥንዱን ኃይል ግን ይሰርዛል፤ ነጥብ ወይስ ተግባር የሚል አዲስ ምርጫ ነው፣ ከጨዋታው መንፈስ ጋርም ይሄዳል። የባሕር ፈረስ በስብስብ ውስጥ የጎደለ አንድ ካርድ ይተካል፣ እንደ ጆከር። መነሻውን ጨዋታ ደጋግማችሁ ተጫውታችሁ ኦክቶፐስ ስንት እንደሆነ ሳታዩ እስክታውቁ ድረስ አትግዙት። ካርዶቹ ሲጨመሩ የቁጥሩ ሒሳብ ይለወጣል፣ ገና ያልተያዘ ስሌት ደግሞ ይበልጥ ይደበላለቃል።

ከመግዛት በፊት መሞከር ለሚፈልግ ጨዋታው ቦርድ ጌም አሬና በተባለው የኢንተርኔት መጫወቻ ገጽ ላይ አለ። ነጥቡን ማሽኑ ስለሚቆጥር ሕጉን ለመልመድ ፈጣን መንገድ ነው። ካርዱን ገዝታችሁ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጡ ግን የሚቆጥርላችሁ አይኖርም፤ በስክሪን የተማረ ሰው የመጀመሪያዎቹን ዙሮች 7 ሞልቶ ሳያውቀው ያልፈዋልና የመርጃ ካርዱን ከፊቱ አስቀምጡለት።